የእኛ ፊደል የተጻፈበት የፈረንሳይ የከዋክብት ግንብ፤ ከጎንደር ተነስቶ እንዴት ይደረሳል?

ጥያቄውን የኢንተርኔት መድረካችን ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፈረንሳይና ስፔን በሚዋሰኑበት የባሕር ዳርቻ አንዳይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ፣ አባዲያ የሚባል ግንብ ቆሟል። መኖሪያ ቤት ነበር፤ ጸሎት ቤትም አለው። ከሁሉ በላይ ግን የከዋክብት ምርምር ተቋም ነበር። ያሠራው አንቷን ዳባዲ ነው፤ ጎንደር ተቀምጦ የነበረ፣ ከምጽዋ እስከ ከፋ አገሩን እየለካ የዞረ ሰው። ግድግዳው ላይ የእኛው ፊደል ተጽፎበታል። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው። ይህን ጎንደር ውስጥ ስንቶቻችን እናውቃለን? ማየት የፈለገ ሰውስ በየት በኩል ይሂድ?

መልሱ እንደ ጎንደሩ ጃንተከል ዋርካ ቅርንጫፍ በየአቅጣጫው ሄደ። እንደ አመጣጡ፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1፦ ከፋሲል ግቢ አስጎብኚዎች አንዱ ነው። በትሕትና አመስግኖ ጀመረ። የፈረንሳይ እንግዶች አንዳንዴ ስለ ሁለት ወንድማማቾች እንደሚጠይቁት፣ እሱ ግን ስለ ጄምስ ብሩስ የሚያውቀውን አውርቶላቸው እንደሚያልፍ ጻፈ። የሚያውቅ ካለ ያስተምረኝ ማለቱ መሰለኝ።

መልስ 2፦ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰዎቹን እንዳናደባልቅ አደራ አሉ። ስኮትላንዳዊው ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። እሱም ቴሌስኮፕና የማዕዘን መለኪያ ይዞ ነበር፤ በእቴጌ ምንትዋብ ጥላ ሥር ቁስቋም አርፏል። የዳባዲ ወንድማማቾች የመጡት በ1838 ነው። አባታቸው ባስክ (በፈረንሳይና በስፔን ድንበር የሚኖር ሕዝብ)፣ እናታቸው አይሪሽ ናቸው፤ ሁለቱም የተወለዱት ደብሊን ነው። ጎንደር ላይ ተቀብለው ያስተናገዷቸው ሊቅ አጽቁ ነበሩ። ታናሽየው አርኖ ጎጃም ተሻግሮ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጀ፤ ፈረስና ዘመቻ ለመደ። ታላቅየው አንቷን መለኪያውን፣ ደብተሩንና ብራናውን ሙጥኝ አለ። ጋሼ ይህን ሁሉ ሲጽፉ አንድም ቦታ ድምፃቸው ከፍ አላለም። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው።

መልስ 3 እና 4፦ አንዱ ሰውየው ሰላይ እንደነበር በአንድ መስመር ጽፎ ጠፋ። ሌላው ደገፈው። ካርታ የሚያነሳ ፈረንጅ ለምን እንደሚያነሳ ይታወቃል ባይ ነው። ማስረጃ አላመጡም፤ የወደዳቸው ሰው ግን ብዙ ነበር።

መልስ 5፦ ጋሼ ተመልሰው መጡ። ሐሜቱ አዲስ እንዳልሆነ፣ ሰውየው በሕይወት እያለም እንደነበረ ነገሯቸው። እንግሊዛዊው ቻርለስ ቢክ ዋና ተቃዋሚው ነበር። ዳባዲ የነጭ ዓባይን ምንጭ ጊቤ አካባቢ አገኘሁት ብሎ ነበር። ተሳስቷል። ቢክም ነገሩን ከልቡ ያዘው። በጠቡ ምክንያት የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር የሸለመውን የወርቅ ሜዳሊያ እስከ መመለስ ደረሰ። ጋሼ እንደሚሉት፣ በሳይንስ የተሳሳተን ሰው መተቸት ተገቢ ነው፤ ሰላይ ማለት ግን ሌላ ክስ ስለሆነ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

መልስ 6፦ እዚህ ላይ ነገሩ ጋለ። አንድ የአዘዞ ልጅ፣ በጣም ተቆጥቶ፣ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ገንጥሎ የወሰደው ይኸው ሰው እንደሆነ ጻፈ። ሌባን ሊቅ ብለን ልንጎበኝ ነው ወይ ብሎም ጠየቀ። ቁጣው ከልብ ነው፤ ሥዕሎቹ በእርግጥ ተወስደዋል።

መልስ 7፦ አስጎብኚው ይህን ጉዳይ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የአባ እንጦንስን ሥዕሎች ያስወሰደው ፈረንሳዊው አጥኚ ማርሴል ግሪዮል ነው፤ ከዳካር ጅቡቲ ይባል በነበረው የጥናት ጉዞ፣ በ1932። ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጂ ተሥሎ ተለጠፈ፣ ዋናው ፓሪስ ሄደ፤ ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው ያለው። አንቷን ዳባዲ ግን የሞተው በ1897 ነው። ከዚህ የወሰደው ብራና ነው፤ የተወሰነውን ገዝቶ፣ የተወሰነውን አስገልብጦ። የመቅደላው ዝርፊያ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ሥራ ነው፤ 1868።

መልስ 8፦ የአዘዞው ልጅ የወሳጁን ስም አስተካከለ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ገዝቶ ነው ለሚለው፣ ከማን ገዛ፣ በስንት ገዛ፣ በዘመነ መሳፍንት የተራበ ደብተራ መጽሐፉን ሲሸጥ ሽያጭ ይባላል ወይ ሲል አፋጠጠን። በእኔ ግምት በጠቅላላው ውይይት ውስጥ ከተጠየቁት ሁሉ ጠንካራው ጥያቄ ይኼ ነው። በቀጥታ የመለሰለት ሰው የለም።

መልስ 9፦ አንድ መሪጌታ ገቡ። እሳቸው መጽሐፎቹ ስለሚነበቡበት መንገድ ነው የጻፉት። ዳባዲ በ1859 ያሳተመው ዝርዝር 234 የብራና መጻሕፍትን አንድ በአንድ ይገልጻል። ክምችቱ አሁን የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ብዙው ጋሊካ በተባለው የዲጂታል ማኅደሩ ላይ ያለ ክፍያ ይታያል። ተማሪያቸው በስልክ ከፍቶ እንዳነበበላቸው፣ የገጹ ጥራት ግን ከኔትወርኩ እንደሚሻል ጨመሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳቀ።

መልስ 10፦ ጥያቄዬን የሚመልስ ሰው ያገኘሁት አሁን ነው። ተወልዳ ያደገችው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው፤ የምትኖረው ቦርዶ። ግንቡን አይታዋለች። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ዋና ዋናውን ላስቀምጥ።

ግንቡ ከ1864 እስከ 1879 ነው የተሠራው። ንድፉ የፈረንሳዊው አርክቴክት የቪዮሌ ለ ዱክ ነው፤ ሥራውን በቅርብ ያስኬደው ኤድሞን ዱትዋ ነው። ከውጭ ሲያዩት የመካከለኛው ዘመን አምባ ይመስላል። በሩን በድንጋይ የተቀረጹ አዞዎች ይጠብቁታል። ግድግዳው ላይ ዝሆን፣ እባብና ዝንጀሮ አለ። ከመግቢያው በላይ የአይሪሽ ሰላምታ ተጽፏል፤ የእናቱን አገር ማስታወሻ። ወደ ውስጥ ሲገቡ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይቀበሏችኋል። በየክፍሉ በባስክ፣ በላቲን፣ በዓረብኛና በአማርኛ የተጻፈ አባባል አለ። እሷን በጣም ያስገረማት የመመገቢያ ክፍሉ ነው። እያንዳንዱ ወንበር መደገፊያው ላይ አንዳንድ የአማርኛ ፊደል አለው። ወንበሮቹ ተደርድረው ሲነበቡ፣ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይኖር እግዚአብሔርን የሚለምን ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ፈረንጆቹ ጎብኚዎች አስጎብኚዋ እስክትነግራቸው ሲጠብቁ እሷ ቀድማ አንብባ ጨረሰች። ጎንደሬ መሆን እንዲህ የሚጠቅምበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ሌላም አለ። አንዱ በረንዳ ላይ የአንድ ድንጋይ ቦታ ባዶ ነው። የመጨረሻውን ድንጋይ ሣልሳዊ ናፖሊዮን እንዲያኖር ታስቦ ነበር ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1870 ከሥልጣን ወደቀ፤ ቦታውም ባዶውን ቀረ። ባልና ሚስቱ፣ አንቷንና ቪርዢኒ፣ የተቀበሩት እዚያው ጸሎት ቤቱ ሥር ነው።

መልስ 11፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያጠና ልጅ ስለ ወንበርና አዞ በቂ እንደተባለ በዘዴ ገልጾ፣ ቴሌስኮፑ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀ። ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው።

መልስ 12፦ አንድ የፊዚክስ መምህር መለሱለት። መሣሪያው እንደ ልብ ወደየትም የሚዞር ቴሌስኮፕ አይደለም። በሰሜንና በደቡብ መስመር ላይ ብቻ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ጣሪያው በዚያው መስመር ተሰንጥቆ ይከፈታል። ተመልካቹ ኮከቡን አያሳድድም፤ ምድር ስትዞር ኮከቡ ራሱ መጥቶ በመነጽሩ ውስጥ ያለውን ክር ያቋርጣል። ያቋረጠበት ሰዓት ከትክክለኛ ሰዓት ላይ ይመዘገባል። ከፍታው ደግሞ መሣሪያው ላይ ካለው ክብ ይነበባል። ሰዓቱና ከፍታው ሲገናኙ የኮከቡ ቦታ ታወቀ ማለት ነው። ለየት የሚለው ክቡ ነው። በ360 ሳይሆን በ400 የተከፈለ ነው፤ ዳባዲ በአሥር የሚሄድ አለካክ አጥብቆ ያምንበት ነበር።

መምህሩ አንድ ነገር አያያዙ፤ እኔ ለብቻዬ አስቤው የማላውቀውን። እዚህ አገር ተራራ ላይ እየወጣ፣ ሌላውን ተራራ ቲዎዶላይት በሚባለው የማዕዘን መለኪያ እያነጣጠረ፣ ቦታውን ደግሞ በፀሐይና በኮከብ እያረመ ይሠራ ነበር። ውጤቱን ከ1860 ጀምሮ አሳተመው። አንዳይ ላይ ያቆመው ግንብ ያው ሥራ ሲቀጥል ነው፤ ድሮ በኮከብ ምድርን ለካ፣ በኋላ ራሳቸውን ኮከቦቹን ማስለካት ጀመረ። ንብረቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስም ግዴታ አኖረ፤ በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ። ሥራውን የያዙት ካህናት ነበሩ። ምልከታው እስከ 1970ዎቹ ድረስ ቀጥሏል።

መልስ 13፦ አንድ ቀልደኛ፣ ቄሶች ማታ ማታ ኮከብ ሲቆጥሩ ቅዳሴውን ማን እንደሚያደርስ ጠየቀ።

መልስ 14፦ መሪጌታ ቀልዱን አልወደዱትም። ባሕረ ሐሳብና አቡሻክር የተማረ ካህን ፀሐይና ጨረቃን ሲያሰላ እንደኖረ፣ ጾምና በዓል የሚወጣው በዚያ እንደሆነ አስታወሱት። የአንዳዮቹ ካህናት በቴሌስኮፕ ማየታቸው ነው ልዩነቱ። ቀልደኛው ወዲያው መሪጌታን ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ነገር በኢንተርኔት ላይ በየቀኑ አይታይም።

መልስ 15፦ የቦርዶዋ እህታችን ለፊዚክሱ ተማሪ ብላ ተመልሳ መጣች። ግንቡ ውስጥ ያልተሳካ ሙከራ እንዳለ ነገረችው። ዳባዲ ላ ሩን የሚባለውን ተራራ ጫፍ ከቤቱ ሆኖ ለማየት ግድግዳዎቹን በአንድ መስመር አስበስቶ ነበር። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለመለካት ነው። ምንም አልታየም። እሱ ግን ቀዳዳውን አልደፈነውም፤ ያላየሁትን አልተማርኩትም የሚል የባስክ ጽሑፍ አጻፈበት። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ይህንኑ መለጠፍ እንደሚፈልግ ጻፈ።

መልስ 16 እና 17፦ በደረጃው ግርጌ ፋኖስ የያዘ የኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት አለ። ሥዕሉን አንዱ ለጠፈው፤ ጸቡ እንደገና ተነሳ። ሐውልቱ አብዱላህ የሚባል፣ ዳባዲ ከባርነት አውጥቶ የወሰደው ልጅ መታሰቢያ ነው። አንዷ ነፃ የወጣ ሰው ለዘላለም ፋኖስ ያዥ ሆኖ መቅረቱ እንዳሳመማት ጻፈች። የአዘዞው ልጅ ከጎኗ ቆመ። የሚሉት እውነት አለበት። ግንቡን የሚጎበኝ ሰው ያን ሐውልት አልፎ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ቆም ብሎ ቢያየው ጥሩ ነው።

መልስ 18፦ አወያዩ ስድብ የያዙ ጽሑፎችን ማንሳቱን አሳወቀ፤ ወደ ጥያቄው እንድንመለስም ለመነ። ስለዚህ ቁጥሩ እዚህ ላይ ይዘላል።

መልስ 22፦ መንገዱ። እህታችን በዝርዝር ጻፈችው። ከጎንደር በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ያደርሳል። ከኤርፖርቱ መስመር ቢ በሚባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር ዳንፌር ሮሽሮ ድረስ፣ ከዚያ በሜትሮ 4 ወይም 6 ሞንፓርናስ። ከሞንፓርናስ ፈጣኑ ባቡር በቦርዶ አድርጎ አንዳይ ይገባል፤ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። አንዳይ የፈረንሳይ የመጨረሻ ጣቢያ ስለሆነች አልፋችሁ የምትሄዱበት ሥጋት የለም። ትኬት ቀደም ብሎ የገዛ በርካሽ ይገዛል፤ የጉዞው ዕለት የገዛ ያለቅሳል። ግንቡ ጣቢያው አጠገብ አይደለም። ከባሕር ዳሩ ባሻገር፣ ወደ ሴን ዣን ደ ሉዝ በሚወስደው ኮርኒሽ በሚባለው የገደል ዳር መንገድ ላይ ነው። እግረኛ ከባሕር ዳሩ ጫፍ ተነስቶ በእግሩ ይወጣዋል። ሻንጣ የያዘ ታክሲ ይያዝ። ገደሉን ማዕበል እየበላው ስለሆነ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ መኪና የሚከራይ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

መልስ 23፦ ስፔን የሚሠራ ወንድማችን የራሱን መንገድ አመጣ። አየር መንገዳችን ማድሪድም ስለሚበር፣ ከማድሪድ በባቡር እስከ ኢሩን መሄድ ይቻላል። ኢሩን ማለት ከአንዳይ ወንዝ ማዶ ነው። ሳን ሰባስቲያን ያለ ሰው ደግሞ ቶፖ የሚሉትን ትንሽ ባቡር ይያዝ፤ አርባ ደቂቃ ገደማ ተጉዞ አንዳይ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያወርዳል። ፓስፖርት ኪስ ውስጥ ይሁን አለ። ድንበሩ ክፍት ቢሆንም ፖሊስ ይፈትሻል፤ ማንን ቀድሞ እንደሚፈትሽ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

መልስ 24፦ ይህን ሁሉ ያነበበ አንድ ሰው በምሬት ገባ። ቪዛ ሳይኖር የባቡር መስመር መዘርዘር በባዶ ሆድ ስለ ክትፎ ማውራት ነው ባይ ነው። የብሩ ምንዛሪም አልቀረለትም። ከሰላሳ በላይ ሰው ደገፈው።

መልስ 25፦ የስፔኑ ወንድማችን ሳይቆጣ መለሰለት። ነገሩ ከባድ መሆኑን አልካደም። ግን በአንድ የሸንገን ቪዛ ሁለቱንም አገር ማየት ይቻላል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው። ለትምህርት፣ ለስብሰባ ወይም ለዘመድ ጥየቃ አውሮፓ የሚሄድ ጎንደሬ በየዓመቱ አለ፤ ውይይቱ የሚጠቅመው ለእሱ ነው።

መልስ 26፦ አንዱ ደግሞ እንጦጦ እያለ አንዳይ ምን ያደርጋል ብሎ ሌላ በር ከፈተ። እውነቱን ነው። እንጦጦ ላይ፣ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የአዲስ አበባ ሰው በታክሲ ይሄድበታል። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

መልስ 27 እስከ 30፦ ከዚያ በኋላ ተበተንን። አንዷ ሰኔ 2020 ላሊበላ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ አነሳች። አጎቷ በብየዳ መስታወት እንዳየ ስትጽፍ የፊዚክሱ መምህር ደንግጠው ገቡ፤ የመስታወቱ ጥቁረት ቁጥር 12 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ ለዓይን አደገኛ እንደሆነ አስጠነቀቁ። ሌላው ከፒያሳ እስከ አዘዞ ኤርፖርት ባጃጅ ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀ። በዋጋው ላይ የተደረገው ክርክር በዳባዲ ላይ ከተደረገው ይበልጥ የጦፈ ነበር። እዚህ አልደግመውም።

መልስ 31፦ እህታችን ሁለት ማሳሰቢያ ጨመረች። አንደኛ፣ አባዲያ የሚል ምልክት ሁለት ቦታ ይወስዳል። አንደኛው ገደሉ ዳር ያለው የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው፤ በነፃ ይገባል። ግንቡ ሌላ በር አለው፤ መግቢያውም በክፍያ ነው። ከሜዳው ተመልሰው ግንቡን አየን የሚሉ ሰዎች አጋጥመዋታል። ሁለተኛ፣ ሐምሌና ነሐሴ እኛ ዘንድ ዝናብ ነው፤ እዚያ ግን የፀሐይ ወር ስለሆነ ባሕር ዳሩ ይጨናነቃል፣ አልጋም ይወደዳል። ታኅሣሥና ጥር የሚሄድ ደግሞ የጉብኝት ሰዓቱ ስለሚያጥር ግንቡ ክፍት መሆኑን አረጋግጦ ይነሳ።

መልስ 32፦ አስጎብኚው ከፈረንሳይ ለሚመጡ እንግዶቹ የሊቅ አጽቁ ቤት የነበረበትን ቦታ ማሳየት እንደሚፈልግ ጻፈ። የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁመው ጠየቀ።

መልስ 33፣ 34 እና 35፦ ጋሼ አቡን ቤት በኩል ይመስለኛል አሉ። መሪጌታ እጨጌ ቤት ነው ብለው ቁርጥ አደረጉት። የአዘዞው ልጅ ሁለቱንም አልተቀበለም፤ አያቱን ጠይቆ እሑድ እንደሚመለስ ቃል ገባ። አስጎብኚው ሦስቱንም ቅዳሜ ፋሲል ግቢ በር ላይ ቀጥሯቸዋል።